«መቶ አምፔር ነው፤ ተጽፎበታል»

ሻጩ ጥያቄ ሲበዛበት የሚመልሰው አንድ ነው፦ «እናቴ፣ መቶ አምፔር ነው፤ ተጽፎበታል።» ገዢዋ ጎንበስ ብላ ታያለች። እውነትም ተጽፎበታል። ቢጫ ተለጣፊ ላይ፣ በትልቁ፤ ከጎኑ የፀሐይ ሥዕልም አለበት። ብሩ ይቆጠራል፣ ባትሪው ባጃጅ ላይ ይጫናል፣ ከድሬዳዋ መሀል ከተማ ወደ መልካ ጀብዱ ይከንፋል። ዓመት ሳይሞላው ያው ባትሪ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አምፖሉን ያደበዝዛል፣ ኢንቨርተሩ ይጮኻል፣ ቴሌቪዥኑ ዜና መሀል ድርግም ይላል። ሻጩ ዘንድ ሲኬድ ሁለተኛው መልስ ይጠብቃል፦ «አጠቃቀም ነው እናቴ።»

ይህ የአንድ ሱቅ ወይም የአንድ ነጋዴ ክስ አይደለም። በየከተማው የሚታይ ነው። ሻጩም ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር በላይ የሚያውቀው ነገር የለም። ጥያቄው ሌላ ነው። ማንም የማይለካውን ቁጥር ይዞ የሚነገድበት ገበያ እንዴት ዝም ተብሎ ይታያል? በዚህ ገበያ አብዝቶ የሚከፍለው ደግሞ ብር የሌለው ሰው ነው። ባለጸጋው አንድ ጊዜ ከፍሎ ለዓመታት ይረሳዋል። ድሃው «ርካሹን» እየገዛ በየዓመቱ ይከፍላል።

መልካ ጀብዱ ከኤሌክትሪክ ወሬ የራቀ ቦታ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ግን አይደለም። አካባቢው ፋብሪካና ከባድ መኪና የለመደ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና የተመረቀው በድሬዳዋ ነው። ከአዲስ አበባ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ የሚወርደው አዲሱ ባቡር የሚሄደው በናፍጣ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ግድቡ ትራንስፎርመር ሲቃጠል አይጠግንም፤ ነፋስ የጣለውን ገመድ አያነሳም። ስለዚህ ቤተሰቡ አልጋ ሥር ባትሪ ያስቀምጣል። ጣሪያው ላይ ሶላር ያለውም፣ መብራት ሲኖር በቻርጀር ሞልቶ ሲጠፋ የሚጠቀመውም ያው ባትሪ ነው የሚያስፈልገው።

መንግሥትም ይህን ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ይደርሳል ሲል 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ነበር ያሰበው። ከመስመር ውጭ ማለት በአብዛኛው ሶላር ማለት ነው። ሶላር ማለት ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባትሪ ማለት ነው። ፓነል ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል። ባትሪ ግን ይሞታል፤ ተፈጥሮው ነው። ታዲያ ዕቅዱ ውስጥ ሦስተኛው ዓመት የት አለ? ኢትዮጵያም የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የጥራት መመዘኛ እስከ 350 ዋት የሆኑ፣ ፓነል፣ ባትሪና አምፖላቸው አንድ ላይ ታሽጎ የሚሸጡ የሶላር ስብስቦችን ይፈትሻል። መልካም ነው። የስብስቡ ባትሪ ሲሞት ግን ሰውየው አዲስ ስብስብ አይገዛም፤ ባትሪ ብቻውን ፈልጎ ገበያ ይወጣል። እዚያ ያ መመዘኛ አይከተለውም። እዚያ ያለው ቢጫ ተለጣፊ ነው።

ለመሆኑ ያ ባለ ተለጣፊ ባትሪ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የመኪና ባትሪ ነው፤ በግልጽ የመኪና ባትሪ ተብሎ፣ አለበለዚያም የፀሐይ ሥዕል ተለጥፎበት። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ለጥቂት ሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይተፋል፤ ወዲያው የመኪናው ጄኔሬተር መልሶ ይሞላዋል። ለዚህም ሲባል በውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ቀጫጭንና ብዙ ናቸው። በየምሽቱ ቀስ እያለ ግማሽ ድረስ እንዲፈስ ሲደረግ እነዚያ ቀጫጭን ፕሌቶች ይፈረካከሳሉ። የቤት ባትሪ ግን ወፍራም ፕሌት ያለው፣ ቀስ ብሎ ሰጥቶ ቀስ ብሎ የሚሞላ መሆን አለበት። በእንግሊዝኛው «ዲፕ ሳይክል» የሚሉት እሱን ነው።

ባሕረኞች ይህን ከጥንት ለይተውታል። ሞተር ያላት ትንሽ የሸራ ጀልባ በተለምዶ ሁለት ባትሪ ትይዛለች፤ አንዱ ሞተር ለማስነሳት፣ ሌላው ለመብራትና ለሬዲዮ። ሁለተኛውን «የቤት» ባትሪ ይሉታል። ሲሞት የመጀመሪያውን ዓይነት ገዝቶ የሚተካ ጀልበኛ በጨለማ ባሕር ላይ እንደሚቀር ያውቃል። መልካ ጀብዱ ባሕር የላትም። ባትሪው ግን ጅቡቲ ወደብ ወርዶ፣ አውላላውን ሜዳ አቋርጦ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ያ ልዩነት ወደብ ላይ ቀርቶ ይመስላል።

ከዚያ ሙቀቱ አለ። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ የሚነገረው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። የአውሮፓ ወይም የቻይና ፋብሪካ «አምስት ዓመት» ብሎ ሲጽፍ የሚያስበው የተቀዘቀዘ ክፍል ነው። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ቀን ቀን ከ35 ዲግሪ በላይ ትወጣለች፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መደርደሪያ ላይ የተሰቀለ ባትሪ ያለበት አየር ደግሞ ከውጭው ይብሳል። አምስት ያለው ሁለት ተኩል ይሆናል፤ ሁለት ያለው አንድ። «አጠቃቀም ነው» የሚለው ሻጭ ይህን ለገዢዋ አልነገራትም። ምናልባት ለእሱም የነገረው የለም።

ዋናው ሐሰት ግን ያለው ከሒሳቡ ላይ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከሱቅ ዱቤ መዝገብ አይከብድም።

አንዲት መልካ ጀብዱ የምትኖር ባለሱቅ በአእምሮ ትቀመጥ። ሁለት ባለ 7 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት ታበራለች፤ 70 ዋት-ሰዓት። 40 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት፤ 120። 15 ዋት የሚበላ ዲኮደር ለ3 ሰዓት፤ 45። የቤተሰቡ ስልኮች 20 ገደማ። ድምሩ 255 ነው። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመር በምሽት 300 ዋት-ሰዓት ትፈልጋለች። (ፍሪጅ? ትንሽ ፍሪጅ በቀን አንድ ሺህ ዋት-ሰዓት አካባቢ ይበላል። «ይኸው ባትሪ ፍሪጅም ይጎትታል» የሚላት ሰው ቢኖር ትልቁን ውሸት ሰምታለች።)

በእውነት መቶ አምፔር-ሰዓት የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ አይገባም። ስለዚህ በእጅ ያለው 600 ነው፤ ለሁለት ምሽት ይበቃታል። ቁጥሩ ውሸት ሆኖ 60 አምፔር-ሰዓት ብቻ ከሆነስ? 360። ያቺን አንድ ምሽት በጭንቅ ይወጣል፤ በማግሥቱ መብራት ካልመጣ በቃ። ከግማሽ በታች እየወረደ ያድራል፤ እንዲህ እየዋለ እያደረ ይገደላል። ማለትም በተለጣፊው ላይ የተዋሸው ቁጥር አቅሟን ከማሳነሱም በላይ ባትሪውን ራሱን ቶሎ ይገድለዋል። ሻጩም «አጠቃቀም» ይላል።

አሁን ዋጋ። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ ይለወጣል፤ ስለዚህ የብሩን ቁጥር ትቶ ንጽጽሩን መያዝ ይሻላል። ባትሪን ሞልቶ፣ ተጠቅሞ፣ እንደገና መሙላት አንድ ዙር ይባል። የመኪና ባትሪ ግማሽ ድረስ እየፈሰሰ መቶ ዙር ከቆየ ጥሩ ቆይቷል። 600 ዋት-ሰዓት መቶ ጊዜ ሲባል 60 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ደህና የቤት ባትሪ፣ ባለ ወፍራም ፕሌቱ፣ 400 ዙር ቢሰጥ 240 ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ቢያስከፍል የመብራቱ ዋጋ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ሦስት እጥፍ ቢያስከፍል እንኳ ይረክሳል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ደግሞ እስከ 80 በመቶ ቢወርድም አይጎዳም። ስለዚህ መቶ አምፔር-ሰዓት ሊቲየምን ከመቶ አምፔር-ሰዓት እርሳስ ጋር ማወዳደር ስሕተት ነው። 50 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም 640 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ 510 ያህሉን ያለ ሥጋት ይሰጣል። ይህም ለዚያች ባለሱቅ ከመቶው እርሳስ ብዙም የማይተናነስ ነው። ጥሩ የሆነው 2,000 ዙር ሲሰጥ አንድ ሺህ ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ይመጣል፤ የደህናውን እርሳስ አራት እጥፍ። ሙቀት እሱንም ይጎዳዋል። ሁለቱም በሙቀት ግማሽ ዕድሜያቸውን ቢያጡ እንኳ ልዩነቱ ባለበት ይቆያል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይናገራሉ፤ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

የመጀመሪያው «ታዲያ ሁሉም ሊቲየም ይግዛ» ይላል። ይህ ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ብሩ በእጁ ካለ ሰው ነው። ሊቲየም የሚፈልገው ቻርጀር ወይም ኮንትሮለር ከእርሳሱ ይለያል፤ ለእርሳስ ተብሎ የተሠራ አንዳንዱ መሣሪያ በየጊዜው ወደ 15 ቮልትና ከዚያ በላይ እየወጣ «ያስተካክላል»፤ ያን ጊዜ የሊቲየሙ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ራሱን ያጠፋል፤ ሰሌዳው የማይረባ ከሆነ ደግሞ ሴሉ ይጎዳል። የባትሪው ዋጋ ላይ የመሣሪያው ዋጋ ካልተደመረ ሒሳቡ ሒሳብ አይደለም። ሌላም አለ። የኤሌክትሪክ መኪናና ሞተር ሳይክል እየበዛ ሲሄድ ከአሮጌ ባትሪ ተፈትተው፣ በቴፕ ተጠቅልለው፣ ያለ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚሸጡ ሴሎችም ይበዛሉ። የሁሉም ኬሚስትሪ አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ሲሞቅ የሚነድ ነው። ልጆች በሚተኙበት ክፍል እንዲህ ያለ ነገር ማስቀመጥ ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ሰው «ድሃ ምን ያድርግ? ያለውን ብር ያህል ይገዛል» ይላል። እውነት ነው፤ ሁለት እጥፍ ብር በአንድ ጊዜ የሌላት ሴት ሒሳቡን ብታውቅም አትገዛም። ነገር ግን ይህ ክርክር ሻጩን ነጻ የሚያወጣው ገዢዋ ምን እንደምትገዛ አውቃ ከገዛች ብቻ ነው። «ይህ የመኪና ባትሪ ነው፤ ስድሳ እንጂ መቶ አይደለም፤ በእኛ ሙቀት ዓመት ላይቆይ ይችላል፤ ዋጋው ግን ይኸው ነው» ተብላ ብትገዛ ምርጫዋ ነው። ዕቁብ ጠብቃ የተሻለውን ልትገዛም ትችላለች፤ ድሬ ዕቁብ አታጣም። አሁን ግን አልተነገራትም። ያልተነገረው ሰው ምርጫ የለውም፤ ድህነትን የሐሰት ቁጥር መሸፈኛ ማድረግ ደግሞ ድሃውን ሁለት ጊዜ መዝረፍ ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ የሚሉም አሉ፤ «የታደሰ ባትሪ»። አሮጌው አሲድ ይደፋል፣ አዲስ ይሞላል፣ ቻርጅ ይደረጋል፣ ቮልቱ ሲለካ 12.6 ያሳያል። ገዢው ደስ ይለዋል። ቮልት ግን አቅም አይደለም፤ በጆሮ ግንዱ የሚታይ ጤና ነው እንጂ። ፕሌቱ ላይ የጋገረው ሰልፌትና ከሥር የተቀመጠው አተላ አዲስ አሲድ ስለፈሰሰበት አይመለስም።

የተደፋው አሲድስ የት ሄደ? ጓሮ። ከእሱ ጋር የሟሟና የተንሳፈፈ እርሳስ አለ። እርሳስ በሕፃናት አንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የማይመለስ መሆኑ በሕክምና የታወቀ ነው። በሴኔጋል፣ ዳካር ዳርቻ ባለችው ቲያሮዬ ሱር ሜር፣ ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ እያወጡ በሸጡበት ሰፈር፣ በ2000 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞተዋል። እዚያም የነበረው ክፉ ሰው ሳይሆን ኑሮ ለመግፋት የሚሮጥ ሰው ነበር። ኢትዮጵያ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አላት። አዋጁ ወረቀት ላይ ሲኖር አሮጌ ባትሪ በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጥበት ደጃፍ ደግሞ በየሰፈሩ አለ። ቶሎ የሚሞት ባትሪ ማለት በየዓመቱ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ተጨማሪ የእርሳስ ሬሳ ማለት ነው። ርካሹ ባትሪ ይህም ዋጋው ላይ አልተጻፈም።

ገዢዋ እስከዚያው ምን ታድርግ? ባዶ እጇን አይደለችም። የእርሳስ ባትሪ ሚዛን ላይ አይዋሽም። እውነተኛ ባለ 12 ቮልት መቶ አምፔር-ሰዓት የቤት ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ እርሳስ ነዋ። መቶ ተብሎ 17 ኪሎ የሚመዝን ካለ የጎደለው ፕሌት ነው። እህል የሚመዝነው ጎረቤት ሚዛን ይበቃል። (ሊቲየም ቀላል ስለሆነ ይህ ለእሱ አይሠራም።) ሁለተኛ፣ ሱቅ ውስጥ ለብዙ ወር ሳይሞላ የተቀመጠ የእርሳስ ባትሪ ሳይሠራ ያረጃል፤ ቆሞ ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ ይቅርባት። ሦስተኛ፣ ባለ 60 ዋት የመኪና የፊት አምፖል 5 አምፔር ይስባል። የሞላ፣ በእውነት መቶ የሆነ ባትሪ ይህን አምፖል አሥር ሰዓት አብርቶ ገና ግማሽ ይቀረዋል። ማታ አብርቶ አድሮ ጠዋት የጠፋ አምፖል ከማንኛውም ተለጣፊ ይበልጥ ይናገራል። ሻጩ «አምፖል አምጥቼ ልሞክር፤ ካልሆነ እመልሳለሁ» ስትለው ፊቱ ከተለወጠ መልሱን አግኝታለች።

ከገዛች በኋላ ደግሞ ባትሪው ከጣሪያው ይውረድ፤ ወለል ላይ፣ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ይቀመጥ፤ የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ያወጣልና ሻማና ከሰል ከአጠገቡ ይራቅ። ሲሞላ ቮልቱ በሙቀት መቀነስ አለበት፤ በ25 ዲግሪ 14.4 የሚባለው በ40 ዲግሪ ወደ 14 መውረድ ይገባዋል፤ አለዚያ ውሃው ይፈላል። የሙቀት ማስተካከያ ያለው ኮንትሮለር ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ለድሬ ግን ከተጨማሪ ፓነል በፊት የሚገዛ እሱ ነው።

ግን ለምን ይህ ሁሉ ሸክም የአንዲት ባለሱቅ ይሆናል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። «መቶ አምፔር» መረጃ ነው፤ ወይ ትክክል ነው ወይ አይደለም፤ ይለካል። በድሬዳዋ ንግድን የሚቆጣጠር ቢሮ አለ፤ በአገር ደረጃ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አለ፤ የደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለ። የሚጠየቀው ላቦራቶሪ አይደለም። ባትሪ በሚሸጡ ሱቆች ላይ ሦስት ነገር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እንዲለጠፍ ማዘዝ ነው፦ የመኪና ነው ወይስ የቤት፣ በሃያ ሰዓት ተለክቶ ስንት አምፔር-ሰዓት ነው፣ የተመረተው መቼ ነው። ከዚያ በወር አንድ ጊዜ ከየሱቁ አንድ ባትሪ በዘፈቀደ ወስዶ መለካት፣ ውጤቱን በስም ማውጣት።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ መልቲሜትር፣ ባለ 60 ዋት አምፖልና ሌሊቱን ሰዓት የሚቆጥር አንድ ሠራተኛ ነው። የሚቀጥለው የመስክ ጉብኝት መኪና ወደ መልካ ጀብዱ ፋብሪካዎች ሲወጣ እነዚህን ይዞ መንገድ ላይ ካለ አንድ ባትሪ ቤት ቢቆም የሚያመሸው በአንድ ሌሊት ብቻ ነው።